ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችና በአወሳሰዳቸው ላይ የሚገባው ጥንቃቄ

ጐረቤት ኪኒን ይዞ ወደ መምህር ቤት መምጣቱ በከተሞቻችን የተለመደ ነገር ነው። በትንሽ የወረቀት ከረጢት የመጣውን መድኃኒት ከፊቱ አኑሮ፥ «እስቲ ይህ ለምን እንደሚሆንና በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ያንብቡልኝ» ይለዋል። መምህሩም የተጻፈውን ያነብለታል። ነገር ግን በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ከስምና ከቍጥር አያልፍም፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ስምና ቍጥር ብቻውን አይበቃም። በዚህ ወር ሽንት ስለሚያበዙ መድኃኒቶች ለመጻፍ ያሰብነው ይህን የንባብ ውለታ ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን ብለን ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ናቸው። በተለምዶ ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት ያለበት ሰው፥ ልቡ የደከመ ሰው፥ በጉበት ሕመም ምክንያት ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው፥ እንዲሁም ኵላሊቱ ታሞ ሰውነቱ ያበጠ ሰው ይወስዳቸዋል። ኪኒናቸው ትንሽ፥ ሥራቸውም ሽንት ማሸናት ብቻ መስሎ ስለሚታይ፥ ሰው ሁሉ ይደፍራቸዋል። እግሩ ያበጠበት ሰው ከጐረቤቱ ይበደራል፤ ውፍረቱን ለመቀነስ የሚመኝም ሐኪም ሳያማክር ይውጣል። በአግባቡ ሲወሰዱ ሕይወት ያድናሉ፤ ያለ አግባብ ሲወሰዱ ግን ኵላሊትን ይጎዳሉ፥ የልብንም ምት እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ሊያዛቡ ይችላሉ።

ነገሩን ለመረዳት ከኵላሊት ሥራ መነሣት ይገባል። በጤነኛ ሰው ሁለት ኵላሊቶች ውስጥ በአንድ ቀንና ሌሊት ከደም ተጣርቶ የሚያልፈው ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ሽንት ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ሰው አንዲት ቀን እንኳ በሕይወት ባልቆየ ነበር። ኵላሊት ግን በአውድማ ላይ እንደሚሠራ ገበሬ ነው፤ ገበሬ እህሉን ከነገለባው ወደ ላይ በትኖ ፍሬውን መልሶ እንደሚሰበስብ፥ ኵላሊትም ውኃውን፥ ጨዉንና ስኳሩን አስቀድሞ ወደ ጥቃቅን ቧንቧዎች ካፈሰሰ በኋላ የሚጠቅመውን መልሶ ወደ ደም ይሰበስባል። በመጨረሻ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1 ወይም 2 ሊትር ያህል ብቻ ነው።

ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ጨው ወደ ደም የሚመለስበትን በር ይዘጋል። ጨው በቧንቧው ውስጥ ሲቀር ውኃም አብሮት ይቀርና ሽንት ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀንስ ከሰውነት ልዩ ልዩ ክፍሎች የተጠራቀመው ውኃ ወደ ደም እየተሳበ ይወጣል፤ እብጠቱ ይጎድላል፥ የሳንባው መጨናነቅ ይቀላል፥ የልብም ሸክም ይቀነሳል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፥ በሽንቱ የሚወጣው ባዶ ውኃ አለመሆኑን ነው። ሶዲየም የተባለው የጨው ክፍል፥ ብዙ ጊዜም ለልብና ለጡንቻ ሥራ የግድ የሚያስፈልጉት ፖታሲየምና ማግኒዚየም አብረው ይወጣሉ። የመድኃኒቱ ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

መድኃኒቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኃይለኛው ፉሮሴማይድ ነው፤ ላሲክስ በሚባል የንግድ ስምም ይታወቃል። ኪኒኑ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ሰዓት መካከል ይበረታል፤ ስድስት ሰዓት ያህልም ይቆያል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ለስለስ ያለ ነው፤ ይልቁንም ለደም ግፊት ይሰጣል፤ ሥራውን በሁለት ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ብቻውን ሲሆን ደካማና ቀርፋፋ ነው፤ ሙሉ ሥራው እስኪታይ ቀናት ይፈጃል። ከሁለቱ የሚለየው ፖታሲየምን ከማስወጣት ይልቅ በሰውነት ውስጥ ማስቀረቱ ነው። ስለዚህ «የሽንት ኪኒን» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ መጥራት ወደ ስሕተት ይመራል፤ አንዱን በሌላው መተካትም የሐኪም እንጂ የጐረቤት ሥራ አይደለም።

እግረ መንገዳችንን የመድኃኒቶቹን ታሪክ ጥቂት ብናነሣ መልካም ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. በቪየና ከተማ አልፍሬድ ፎግል የተባለ የሕክምና ተማሪ፥ ለአንዲት የቂጥኝ ሕመምተኛ ይሰጥ የነበረው የባዜቃ መርፌ የሽንቷን መጠን እጅግ እንዳበዛው አስተዋለ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ልባቸው የደከመ ሕመምተኞች በዚሁ መርዝነት ባለው ባዜቃ ይታከሙ ነበር። በአፍ የሚዋጠው ክሎሮታያዛይድ በ1958 ዓ.ም. ገደማ፥ ፉሮሴማይድም በ1960ዎቹ ዓመታት በሥራ ላይ ሲውሉ የባዜቃ መርፌ ቀረ። ዛሬ በቀላሉ የምንውጠው ትንሽ ኪኒን በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ብድሩ ነገር እንመለስ። እግሩ ያበጠ ሰው፥ እግሩ አብጦ በኪኒን የዳነለትን ጐረቤቱን አይቶ ያንኑ ኪኒን ቢመኝ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ልቡ የደከመ ሰው እብጠት በሁለቱም እግር ይታያል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጕዳል፤ ሲተኙም ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ለመድኃኒቱ የሚመለስ እብጠት ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው የሚያገኘው፥ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው እብጠት ግን በሽንት ኪኒን አይጎድልም። ለእርሱ የሚበጀው እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በጨርቅ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ የሚያምና የሚግል ከሆነ፥ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አምሎዲፒን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ራሱ ቍርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ይህንም እብጠት ሽንት የሚያበዛ ኪኒን እምብዛም አያስታግሠውም። ነፍሰ ጡር ሴትም እግሯ ቢያብጥ የደም ግፊቷንና ሽንቷን ማስመርመር እንጂ ይህን ኪኒን በራሷ ፈቃድ መውሰድ አይገባትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋን የሕፃናቱ ጉዳይ ነው። ምግብ በማጣት ሰውነቱ የተጎዳ ሕፃን ፊቱና እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ለሚያየው ሰው የወፈረ እስኪመስለው ድረስ ያሳስታል። የዚህ ሕፃን ሰውነት ፖታሲየሙ አስቀድሞ የተሟጠጠ ነው። በዚህ ላይ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ቢሰጠው የቀረችውን ጥቂቷን አውጥቶ ሊገድለው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት የሕክምና መመሪያም በምግብ እጥረት ያበጠን ሕፃን በዚህ መድኃኒት ማከምን በፍጹም ይከለክላል። እብጠቱ የሚጎድለው በጤና ባለሙያ ክትትል በሚሰጠው ልዩ ምግብ ነው። መምህራን በክፍል ውስጥ ወይም በመንደር እንዲህ ያለ ሕፃን ሲያዩ ወላጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ቢመሩ፥ በቤት ያለውንም ኪኒን እንዳይሰጡት ቢያስጠነቅቁ ነፍስ ያድናሉ።

መድኃኒቱ በሐኪም ለታዘዘለት ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የሰዓት ጥያቄ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የታዘዘ ከሆነ በጠዋት መውሰድ ይሻላል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ ፉሮሴማይድ ከሆነ፥ ሁለተኛው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ገደማ፥ ቢዘገይ ከ10 ሰዓት ሳያልፍ ይወሰዳል። በማታ የተወሰደ እንደሆነ ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሲነሣና ሲተኛ ያድራል። መጸዳጃው ከቤት ውጭ በሆነበት ግቢ አንድ ሽማግሌ በጨለማ፥ በእንቅልፍ ልብ፥ ግፊቱም ዝቅ ብሎ እያዞረው ደረጃ ሲወርድ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም። የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙ አረጋውያንን አልጋ ላይ ያስቀራል።

በዚህ ላይ የሰዓት አቈጣጠራችን አንድ ችግር ያመጣል። በመድኃኒቱ መጠቅለያ ላይ ሰዓቱ በፈረንጆች አቈጣጠር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። «8» የሚለው ቍጥር በእነርሱ የጠዋት ሲሆን በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ «2» የሚለውም በእነርሱ ከቀትር በኋላ ሲሆን በእኛ 8 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ ሁለተኛውን ኪኒን ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲወሰድ ቢናገር፥ ቀደም ብለን የጠቀስነውን የሌሊት መከራ በገዛ አፉ አዘዘ ማለት ነው። ስለዚህ ለጐረቤቱ የሚያነብ ሰው በማን አቈጣጠር እንደተጻፈ ከመድኃኒት ቤቱ አረጋግጦ፥ ከረጢቱ ላይ በአማርኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ወይም «ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት» ብሎ በጕልህ ቢጽፍለት ትልቅ ውለታ ዋለለት።

ሥራና ጉዞም አሳሳቢ ናቸው። ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር ሰው በየጊዜው መውጣት ያሳፍረኛል ሲል፥ በአውቶቡስ የሚጓዝም መንገድ ላይ እቸገራለሁ ብሎ ኪኒኑን ይተዋል። አንድ ቀን መተው ልማድ ይሆንና ሳምንት ይሆናል፤ ልቡ የደከመ ሰውም በሳንባው ውኃ ሞልቶ በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። መፍትሔው ሰዓቱን ማዛወር ነው። ፉሮሴማይድ የሚወስድ መምህር ጎሕ ሲቀድ በ12 ሰዓት ቢውጠው፥ ብርቱው ሽንት ክፍል ከመጀመሩ በፊት ያልቅለታል። ተጓዥም ከደረሰ በኋላ፥ ቀኑ ገና ሳይመሽ ሊወስደው ይችላል። ይህን ግን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚቀጥለው እጅግ አስፈላጊ ነው። ሰውነት በሌላ መንገድ ውኃ የሚያጣባቸው ቀናት አሉ፤ ተቅማጥ፥ ትውከት፥ ብርቱ ትኵሳት፥ እንዲሁም ከደጋ ወደ ሞቃት ቆላ ወርዶ በላብ መዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ የሄደ ሰው በልማዱ የሚውጠው ኪኒን በዚያ ሙቀት ውስጥ ሊበዛበት ይችላል። በተቅማጥ የተያዘውማ በሁለት በር የሚፈስ ጋን ማለት ነው። ደሙ ይጎድላል፥ ግፊቱ ይወድቃል፥ ኵላሊቱም ደም አጥቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን «የታዘዘልኝን አላቋርጥም» ብሎ ዝም ብሎ መዋጥ ጐበዝነት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪምን ወይም የጤና ባለሙያን ጠይቆ ለጊዜው ማቆም ይገባ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) ስለ መጠጣትም አብሮ መጠየቅ ነው፤ ልቡ የደከመ ሰው መጠኑ ሊለካለት ይገባልና። ኮሶ መጠጣት ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መውሰድም እንደ ተቅማጥ ያለ ነው፤ ከዚህ ኪኒን ጋር አይስማማም።

ስለ ጾም የሚጠይቁን አሉ። እስከ ተሲዓት ያለ እህል ውኃ የሚቆይ ክርስቲያንም፥ በረመዳን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ የማይቀምስ ሙስሊምም ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። ለአንዳንዱ ሰዓቱ ወይም መጠኑ ይለወጥለታል፤ ለአንዳንዱም፥ ይልቁንም ልቡ ወይም ኵላሊቱ ክፉኛ ለታመመ፥ መጾሙ ራሱ አይመከርለትም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

ውኃና ጨው ከመጠን በላይ እንደጎደሉ የሚያስታውቁ ምልክቶች አሉ። ከአልጋ ሲነሡ ማዞር፥ የአፍ መድረቅ፥ ብርቱ ጥማት፥ የባት ጡንቻ መኰማተር፥ ያልተለመደ ድካም፥ የሽንት ማነስና መጥቈር ዋነኞቹ ናቸው። ማዞር ያለበት ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ወዲያው ዘሎ አይነሣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ይቁም። ጠጅና አረቄ ይህን ማዞር ያብሱታል። ልብ ያለ ሥርዓት ሲመታ፥ ሰው ራሱን ሲስት ወይም ሲቃዥ ግን በቤት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

የፖታሲየም ነገር በአንደበት ብቻ አይታወቅም፤ የደም ምርመራ ይፈልጋል። መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ መጠኑም ሲለወጥ፥ ከዚያም በየጊዜው የደም ጨዎችንና የኵላሊትን ሥራ ማስመርመር ተገቢ ነው። ፉሮሴማይድ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ሙዝ፥ ብርቱካን፥ ድንች፥ ቲማቲምና ባቄላ ቢመገብ ይጠቅመዋል። ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ወይም ኵላሊቱ ለታመመ ሰው ግን ይኸው ምክር ሊጎዳው ይችላል፤ ፖታሲየሙ አይጎድልም፥ ይበዛበታል እንጂ፤ የበዛ ፖታሲየምም ልብን ያቆማል። በገበያ የሚሸጠው «የጨው ምትክ» የተባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከፖታሲየም የተሠራ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ሰው መርዝ ነው። ተራው ጨው ቢሆንም በልክ ይሁን፤ ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል። በበርበሬው፥ በሽሮውና በዳቦው ያለው ሁሉ ይቈጠራል፤ በአንዳንድ አገርም ቡናው ሳይቀር በጨው ይጠጣል። ጨው እያበዙ ኪኒኑን መዋጥ በአንድ እጅ እየቀዱ በሌላው እንደ መሙላት ነው።

ሌሎች መድኃኒቶችም ይጋጩታል። በተለይ ለወገብና ለጕልበት ሕመም ሰው ሁሉ የሚገዛቸው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ኵላሊት ጨውን እንዲይዝ ስለሚያደርጉ የሽንት መድኃኒቱን ሥራ ያበላሹታል። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትና ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የሕመም ማስታገሻ ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር ኵላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። ለብዙዎች ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ የተሻለ ነው፤ የጉበት ሕመም ያለበት ግን ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ። ዲጎክሲን ለልቡ የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሲያንስ ዲጎክሲኑ ይመርዘዋል። ሊቲየም የሚወስድም ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ሪህን ሊቀሰቅሱ፥ የደምንም ስኳር ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፥ ሪህ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋል።

ልቡ ለደከመ ሰው ከሁሉ የሚሻለው መቈጣጠሪያ ሚዛን ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፥ በጥቂት ቀን ውስጥ የመጣ ክብደት ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው። በየጠዋቱ ከሸኑ በኋላ፥ ቍርስ ሳይቀምሱ፥ በዚያው ልብስ ተመዝኖ በደብተር መጻፍ መልካም ነው። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ እንዲሁ ፈጥኖ ቢቀንስና ማዞር ቢከተል መድኃኒቱ በዝቶ ይሆናል። ሚዛን የሌለው ሰው ጫማው መጥበቡን፥ የቀበቶውን ቀዳዳና የካልሲው ክር በእግሩ ላይ የሚተወውን ምልክት ይመልከት። የሚጠጣውንም ውኃ በራሱ ግምት አያሳንስ፥ አያብዛም፤ ልክ የተወሰነለት ሰው ልኩን ይጠብቅ፥ ያልተወሰነለትም እንደ ጥማቱ ይጠጣ።

ኪኒኑን የረሳ ሰው በዚያው ቀን ሳይመሽ ካስታወሰ ይውሰደው፤ ከመሸ ግን ይተወውና በማግሥቱ በሰዓቱ የተለመደውን ብቻ ይዋጥ። ስለ ትናንቱ ብሎ ሁለት እጥፍ መውሰድ የለበትም። እብጠቱ ስለ ጎደለ ወይም ግፊቱ ስለ ተስተካከለ ድኛለሁ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ የጎደለው በመድኃኒቱ ኃይል ነውና። የተረፈውንም ኪኒን በመጣበት መጠቅለያ ውስጥ እንዳለ፥ ብርሃንና እርጥበት በማይደርስበት፥ የሕፃናትም እጅ በማይነካው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጠው።